የጭልፊቷ ጾም

ጋሼ ምንያህል ማስመሪያዬን በብረት መጋዝ ለሁለት ሲቆርጠው እሪ ብዬ አለቀስኩ። አዲስ ማስመሪያ ነበር። ሦስተኛ ክፍልን ሁለተኛ ወጥቼ ሳልፍ የተሸለምኩት ነው፤ ጀርባው ላይም በመርፌ «የማርያምወርቅ» ብዬ ስሜን ፈልፍዬበት ነበር። እሱ ደግሞ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ልክ ስሜ መሀል ላይ ገዘገዘው። «የማርያም» የሚለውን ግማሽ ለራሱ አስቀረና «ወርቅ» የሚለውን መለሰልኝ።

«ምን ያስለቅስሻል? ግማሹ አለልሽ አይደል?» አለኝ።

«ለምንህ ነው?»

«ለሥራ ነው። ስጨርስ እመልስልሻለሁ።»

ጋሼ እንዲህ ነው። ምን ማድረግ እንዳለብሽ ይነግርሻል፤ ለምን እንደሆነ ግን ብትሞቺ አይነግርሽም። ማስመሪያዬ የት እንደገባ ያወቅኩት ጓሮ ባለችው ሰርቪስ በር ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ ነው። የአንዲት ጭልፊት የተሰበረ ክንፍ አጥፎ፣ ማስመሪያዬን ደግፎበት፣ በቀጭን ጨርቅ ይጠቀልል ነበር።

ይህ በ1987 ክረምት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ጋሼ ምንያህል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በደርግ ጊዜ የጦሩን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነና አንድ ካፖርትና አንድ የመድኃኒት ሣጥን ይዞ፣ ከላምበረት በላይ ካለው ቤታችን ጓሮ፣ ሰርቪሷ ውስጥ ገባ። አባቴ ሞቶ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ወንድ መኖሩን እናቴ አልጠላችውም። በአራት ዓመት ውስጥ ያላንኳኳው የመሥሪያ ቤት በር የለም። በሩ ሁሉ «ማስረጃ አምጣ» ይለዋል፤ ማስረጃው ደግሞ ከጦሩ ጋር ተበትኗል።

ታዲያ ሥራ ፈትቶ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ክረምት ሲገባ ከእንጦጦ የሚወርደው በረዶና ንፋስ ባህር ዛፉን ይገነድሰዋል፤ ላባቸው የራሰ ወፎች ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ይላተማሉ፤ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ በወንጭፍ የቀረውን ይጨርሳሉ። የወደቀ ጭልፊት ወይም ጉጉት ያገኘ ሁሉ «ወደዚያ ወደ ወፍ ሐኪሙ ውሰዱት» እያለ ወደ እኛ ግቢ ይልከዋል። ጋሼ ክረምቱን ሙሉ ያክማቸውና መስከረም ሲጠባ ይለቃቸዋል። በዚያ ዓመት ሁለት ነበሩ፤ ሽቦ ክንፏን የሰበራት ጭልፊት እና አንድ ዓይኑን ድንጋይ የመታው ጉጉት። ጭልፊቷ በወንፊት ሽቦ በታጠረ ጥግ ተቀምጣለች። ጉጉቱ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ እንደልቡ ነው፤ ጣሪያው ሥር ባለ አጣና ላይ ሆኖ ባንድ ዓይኑ ቁልቁል ያየናል።

ሕጉ ብዙ ነበር። ወፎቹ አጠገብ አይወራም፤ ወፎቹ አይደባበሱም፤ ስም አይወጣላቸውም። ምግብ የሚሰጣቸው ሰው ደግሞ ለዓይን ሁለት ቀዳዳ የተበጀለት ጆንያ ራሱ ላይ ያጠልቃል።

«ጆንያው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«አልኩሽ እኮ። አጥልቂ።»

እናቴ ለጎረቤት «ወንድሜ ሰው ፊት መቅረብ አፍሯል» ስትል ሰምቼ ስለነበር እኔ ራሴ መልሱን አገኘሁት። የተሸነፈ ጦር ወታደር ስለሆነ ወፎቹ እንኳ እንዳያዩት የሚያፍር መሰለኝ። በጣም አዘንኩለት። እውነቱን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ የሰው ፊት የለመደ አሞራ ከተለቀቀ በኋላ እጅ ፍለጋ ወደ ሰው ይወርዳል፤ እጁ ደግሞ ድንጋይ ይዞ ይጠብቀዋል። ይህንን ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ቢያስረዳ ምን ይጎድልበት ነበር? ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እናቴ፣ ዘውድነሽ፣ ሰርቪሱ አጠገብ አትደርስም ነበር። «ያ ሟርተኛ እዚያ እያለ እግሬን አላነሣም» ትላለች ጉጉቱን። ግን አንድ ቀን ሽሮ እያማሰለች ለጋሼ እንዲህ ስትለው ሰማሁ።

«እና ጭልፊቷ ከበረረች ሥራው ያንተ ነው ብለውሃል?»

«ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት የቆሰሉ አእዋፍ ማቆያ ሊከፍት ነው። መስከረም ላይ ሰው ልከው ያያሉ። ክንፍ መጠገን መቻሌን ካዩ፣ ማስረጃውም ከተሟላ…»

«ስለዚህ ከበረረች ነዋ!»

«እትዬ፣ ትበራለች።»

ይህቺን በደንብ ገባችኝ። ጭልፊቷ ከበረረች ጋሼ ሥራ ያገኛል። ጋሼ ሥራ ካገኘ ማፈሩን ይተዋል፤ ጆንያውንም ይጥላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጭልፊቷ ክንፍ የእኔም ጉዳይ ሆነ።

ነሐሴ ሦስት ቀን ጋሼ ወደ ሐረር ሄደ። የድሮ አለቃው እዚያ እንዳለ ሰምቶ ስለ ሥራው እንዲመሰክርለት ሊለምነው ነው። ጆንያውን ለእኔ አስረከበኝ።

«በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ሁሴን ሥጋና ጉበት ትቀበያለሽ። ነግሬያቸዋለሁ። ከትፈሽ ትሰጫቸዋለሽ። አንድም ቀን እንዳይዘለል።»

«ለምን?»

«እንዳይዘለል አልኩሽ።»

እንግዲህ ወሩን አስተውሉ። ፍልሰታ ገብቷል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ይሄዳል፤ ምግብ የሚቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እኔም ስሜ የማርያምወርቅ ነው፤ በራሷ በእመቤታችን ጾም እንዴት ወደኋላ እላለሁ! የሰፈሩ ሥጋ ቤቶች ሁሉ ተዘግተዋል። ክፍት የነበረው ወደ መገናኛ ሲወረድ ያለው የጋሽ ሁሴን ብቻ ነው፤ ሙስሊም ስለሆኑ። እኔ ታዲያ ከቅዳሴ በሚመለሰው ሕዝብ መሀል ደም የሚንጠባጠብበት ፌስታል አንጠልጥዬ ሽቅብ እወጣለሁ። ዝናቡ ደሙን እያጠበ ቀሚሴ ላይ ያወርደዋል።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ጎረቤት ፌስታሉን አይታ አማተበች። በሁለተኛው ቀን ልጆቹ «ጾም ገዳፊ! ጾም ገዳፊ!» እያሉ እስከ በራችን ተከተሉኝ። «ለወፎቹ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል! በሦስተኛው ቀን ሆዴ በርሃብ እየጮኸ ጉበት ስከትፍ ጭልፊቷ ጥፍሯን ሽቦው ላይ ተክላ ጮኸችብኝ። ክንፏ ላይ ጨርቁ ተንሸራቶ ማስመሪያዬ ይታያል፤ «የማርያም» ይላል። የማርያምን ስም ተሸክማ በማርያም ጾም ጉበት ትውጣለች! እኔ ተሰድቤ፣ ተርቤ! እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ማግስቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ መምህራችን ስለ ነነዌ ሰዎች አስተማሩን። የነነዌ ንጉሥ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም በጉም አንዳች እንዳይቀምስ አዋጅ አስነገረ፤ ሁሉም ጾመው እግዚአብሔር ማራቸው። ካለሁበት ብድግ አልኩ። መምህሩ «ምነው?» አሉኝ። «እንስሳቱም?» አልኳቸው። «እንስሳቱም» አሉኝ።

በቃ፣ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ክንፏ እስካሁን ያልዳነው እኛ ብቻችንን ስለጾምን ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥጋው ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የራሰ ሽምብራና የዳቦ ፍርፋሪ በጣሳ ክዳን አድርጌ ለሁለቱም አስቀምጥላቸዋለሁ። በሥጋ ቤቱ በኩል ሳልፍ ጋሽ ሁሴን ቢላቸውን እንደያዙ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ! ወፎቹ ጠገቡ እንዴ?»

«ጾም ላይ ናቸው፣ ጋሽ ሁሴን።»

ጋሽ ሁሴን ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲህ እነሱም ከእናንተ ጋር! በይ ሲፈስኩ ብቅ በዪ» አሉኝ። ከዓመታት በኋላ ሳገኛቸው ይህን አስታወስኳቸው። አጎቴ ተመልሶ ሥጋውን ከሌላ ቦታ መግዛት የጀመረ መስሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። ሰው ሁሉ በዚያ ክረምት አንድ ነገር ይመስለው ነበር፤ የሚጠይቅ ብቻ ጠፋ።

ጭልፊቷ ሁለት ቀን ጮኸች። በሦስተኛው ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ሽቦውን ስከፍት ጥፍሯን አላነሣችም። በአምስተኛው ቀን ጆንያውን አወለቅኩ። ባዶ ፊቴን አየችው፤ አልጮኸችም። ጣቴን ራሷ ላይ አሳረፍኩ፤ ዓይኗን ከደነች። ላባዋ ሥር ያለው ሙቀት ዛሬም ጣቴ ላይ አለ። ጾሙ ሠርቷል ብዬ በደስታ አለቀስኩ። ያቺ ኃይለኛ፣ ያቺ ተናካሽ፣ ለማዳ ሆናልኛለች! ጋሼ ሲመጣ የማሳየው ተአምር ነበረኝ።

ጉጉቱ ግን አልገራ አለ። አጣናው ላይ ጉብ ብሎ፣ ወፍሮ፣ አፉን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ያስፈራራኛል። አንድ ቀን አንገቱን ሰበቅ ሰበቅ አደረገና አንድ ግራጫ ጸጉራም ድብልብል ነገር ከአፉ ተፋ። በእንጨት ብነካካው ውስጡ ትናንሽ ነጫጭ ስባሪዎች አሉበት። እኔ ምን ቸገረኝ! ኃጢአቱን ተፋ አልኩ። እስከዚያ ድረስ የበላው ሥጋ ሁሉ ተጠቅልሎ ወጣለት። አማተብኩና አጥሩ ሥር ቀበርኩለት።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ጉጉት የዋጠውን አይጥ ጸጉሩንና አጥንቱን አድበልብሎ እንደሚተፋ ነገረን። ልጆቹ «እእእ!» ብለው ሲስቁ እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ። ሽምብራዬና ፍርፋሪዬ የሰፈሩን አይጥ ሁሉ ወደ ሰርቪሱ ጠርቶት ነበር። ጉጉቱ አንድም ቀን አልጾመም። ክንፏ የታሰረውና በሽቦ የታጠረችው ግን አይጦቹን ከማየት በቀር ምን ታድርግ?

ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን ጋሼ ተመለሰ። ካፖርቱ ውኃ ያንጠባጥባል፤ የምስክርነቱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ከቶታል። በሩ ላይ ተጠመጠምኩበት።

«ጋሼ! ሁለቱም ጾመዋል! ጭልፊቷ ለማዳ ሆናለች፣ ና እይ!»

ተከተለኝ። ደጃፉ ላይ ቆመ። ጣሳው ክዳን ላይ ያለውን ሽምብራ አየ። ጆንያውን አላጠለቀም። ተንበርክኮ ጭልፊቷን አነሣትና የደረቷን አጥንት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ስንት ቀን?»

«ሰባት!»

ዞሮ አየኝ። ነጠላ ለብሻለሁ፤ ከቅዳሴ መመለሴ ነበር። ከንፈሬ ደርቋል።

«አንቺስ?»

«እኔማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንድ ቀን አልገደፍኩም።»

«ጎበዝ» አለኝ። ፊቱን ወደ ጭልፊቷ አዞረ። «ጎበዝ፣ ወርቄ። በይ ሂጂና ብዪ።»

ፊቱን ያዞረው ደስታውን ሊደብቅ መሰለኝ።

ሦስት ቀን ከሰርቪሱ አልወጣም። መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ስኳርና ጨው የበጠበጠውን ውኃ በጠብታ በጠብታ ይሰጣታል። ጋሽ ሁሴን ጋ ብቻ ደርሶ ጉበት አመጣ፤ ፈጭቶ በጣቱ አቀመሳት። እናቴ «ደግሞ ስኳሬን ጨረስከው!» እያለች ታጉረመርማለች። እኔ ግን ተቆጣሁት። «ጾሙ ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው ታስገድፋታለህ?» አልኩት። ጠብታውን ቀጠለ።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ማለዳ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ለቁርባን ስወጣ ጋሼ ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ጆንያው ጉልበቱ ላይ ነው። ጣቶቹ ጭቃ ነበሩ።

«በረረች» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

«መቼ?»

«አሁን፣ ሲነጋጋ።»

«ሳላያት?» እግሬን መሬት ላይ ደበደብኩ። «ማስመሪያዬስ? እመልስልሻለሁ ብለኸኛል!»

ጭቃውን ጆንያው ላይ ጠረገ። «ጠፋ። አዲስ እገዛልሻለሁ።»

ሳላያት በመሄዷ እንጂ በሌላው ከደስታዬ ብዛት መሬት አልረግጥም ነበር። ለእናቴ፣ ለጎረቤት፣ ጾም ገዳፊ ላሉኝ ልጆች ሁሉ ነገርኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት ቆሜ መሰከርኩ፤ እልልታ ቀለጠ።

መስከረም ገባ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰውዬው መጣ፤ ከረባት አስሯል፤ ጫማው ጭቃችን ውስጥ ገብቶበት ተበሳጭቷል። ማህደሩን ገልጦ ሰርቪሱን ዞሮ አየ። ጉጉቱን አየው፤ ወደኋላ አለ።

«አቶ ምንያህል፣ ማመልከቻዎ ላይ የጠቀሷት ጭልፊት የት አለች?»

«ጌታዬ፣ ጭልፊቷ…» ብሎ ጀመረ ጋሼ። ወደ እኔ ዞረ።

እስኪጨርስ መች ልጠብቅ! ዘልዬ መሀላቸው ገባሁ።

«በርራለች! በፍልሰታ ዕለት ነው የበረረችው። እኔ ነኝ ያስጾምኳት፤ ሰባት ቀን ሙሉ ሥጋ የሚባል አልቀመሰችም!»

ሰውዬው ሳቀ። ማንም አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ አቆመ።

«ሰባት ቀን? ምን እየበላች?»

«ሽምብራ።»

«እውነት ነው ልጅቷ የምትለው?» አለው ጋሼን።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ደሜ ይፈላል። ምን ያህል ትንሽ ነገር ነበር የሚጠበቅበት! «እኔ ሐረር ነበርኩ፤ ልጅ ናት፤ ሳታውቅ ነው፤ ጭልፊቷ ሞታለች።» በዚህች ብቻ ሰውዬው ይረዳው ነበር፤ ወረቀቱም ተሟልቷል። እኔ ግን አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ ሽቅብ አንጋጥጬ ምስክርነቱን እጠብቃለሁ።

«እውነት ነው» አለ ጋሼ።

«ሰባት ቀን ያልበላች ጭልፊት አትበርም። ይህን እርስዎ ያጡታል?»

«በርራለች፣ ጌታዬ።»

ሰውዬው ማህደሩን ዘጋ። ሲወጣ እናቴ ሻይ አቅርባ ነበር፤ አልጠጣም።

ሰውዬው እንደሄደ እናቴ ስትጮህ ሰማሁ። «ሐረር ድረስ ለፍተህ! አፍህን ምን ዘጋው? ለአንዲት ወፍ ብለህ!»

«ለወፍ ብዬ አይደለም፣ እትዬ።»

በጉጉቱ የሚጣሉ መሰለኝ። እናቴ ትክክል ናት፤ ሟርተኛው ነው ሥራውን ያስቀረበት ብዬ ቂም ያዝኩበት። በዚያው ሳምንት ጋሼ አመሻሽ ላይ ወደ እንጦጦ ይዞት ወጥቶ ለቀቀው። ዳግመኛ ወፍ ወደ ግቢያችን አላስገባም። መገናኛ አንድ ሕንፃ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረና እግሩ እስኪያብጥ እዚያው ቆመ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ሳልፍ፣ እግዜር ይይልኝ፣ «ያኔ በደንብ ቢናገር ኖሮ» እያልኩ እናደድበት ነበር።

ስለ ጉጉቱ ከተማርኩ በኋላ ስለ ጭልፊቷ ጥርጣሬ ገባኝ። ግን አልጠየቅኩም። በአሥራ ስድስት ዓመቴ እኔም እንደ እሱ ዝም ማለት ለምጄ ነበር።

ሰፈራችን ፈርሶ መሪ ኮንዶሚኒየም የገባን ጊዜ፣ 2007 ላይ ነው፣ እናቴ ከድሮው ግቢያችን የጌሾ ተክሏን ነቅዬ እንዳመጣላት ላከችኝ። አንድ ቆፋሪ ይዤ ሄድኩ፤ ሥሩ ጋ ሲደርስ ዶማው ጣሳ ነካ። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ዝጎ ተበሳስቷል። ውስጡ ቀጫጭን አጥንቶች፣ የጨርቅ ብጣሽና ግማሽ ማስመሪያ ነበር። አፈሩን በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። «የማርያም» ይላል።

ከላምበረት እስከ መሪ ታክሲ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ መጣሁ። ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ እወረውረዋለሁ። «ሃያ ዓመት!» እለዋለሁ። «ገድለሻታል ብትለኝ ምን ነበር? ሥራህን ከምታጣ፣ እኔን በሕዝብ ፊት በውሸት ተአምር ከምታስመሰክረኝ!» አራተኛ ፎቅ ድረስ እየተንደረደርኩ ወጣሁ። ጋሼ በረንዳው ላይ፣ ያበጠ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ ከታች ካለው ሥጋ ቤት በላይ የሚዞሩትን ጭልፊቶች ያያል። ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ እጄን ከተትኩ፤ ማስመሪያውን ጨበጥኩት።

«ጋሼ፣ ያቺ ጭልፊት…»

«እህ?»

«ምን ሆነች?»

«በረረች። ነግሬሽ የለ?»

ዓይኑን ከሰማዩ አላነሣም።

«በየት በኩል?»

«በእንጦጦ በኩል» አለ፣ ሳያመነታ። «አጥሩን ከፍ ብላ አለፈች፤ ከዚያ በባህር ዛፎቹ ላይ። ዞራም አላየችኝ።»

ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሲጠብቀው የኖረ ነበር የሚመስለው። ማስመሪያውን ለቀቅኩት። ቦርሳዬን ዘጋሁ።

«ማስመሪያዬስ?» አልኩት።

አሁን ዞረ። ቦርሳዬን አየ፤ ጥፍሬ ሥር ያለውን አፈር አየ።

«አዲስ እገዛልሻለሁ አልኩሽ እኮ፣ ወርቄ።»